«ዲስኩ ውስጥ ነው እኮ!» ኤክስፒ ሲጫን ፍሎፒው ለምን እምቢ ይላል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው የእንጨት መቁረጫ ማሽን የሚያዝበት አሮጌ ኮምፒውተር አለው። ማሽኑ የሚታዘዘው በፓራለል ፖርት ነው። ሶፍትዌሩም ከዊንዶውስ ኤክስፒ ሌላ አይወድም። ሃርድ ዲስኩ ሞተበትና በሳታ (ከድሮው አይዲኢ በኋላ በመጣው የማገናኛ ዓይነት) ሃርድ ዲስክ ተካው። ኤክስፒን ከሲዲ ሊጭን ሲል «ሃርድ ዲስክ አላገኘሁም» አለው። ስለዚህ የሳታ ድራይቨሩን፣ ማለትም ዊንዶውስ ከሃርድ ዲስኩ ጋር የሚግባባበትን ትንሽ ፕሮግራም፣ ፍሎፒ ላይ ገልብጦ፣ መጫኑ ሲጀምር ኤፍ6 ተጭኖ ሊሰጠው ሞከረ። ከሌላ ኮምፒውተር ነቅሎ ያመጣው ፍሎፒ ድራይቭ መብራቱ በርቶ ቀረ እንጂ ምንም አላነበበም። የዩኤስቢ ፍሎፒ ድራይቭ ገዛ። እሱ ድራይቨሩን አነበበለት፣ ሃርድ ዲስኩ ታየ፣ ፎርማትም ተደረገ። ፋይል መቅዳት ላይ ሲደርስ ግን «ዲስኩን ኤ ድራይቭ ውስጥ ያስገቡ» ብሎ ቆመ። ዲስኩ ውስጥ ነው። ኢንተር ሲጫን ያንኑ ይደግማል። ሰባት ፍሎፒ ቀያይሯል። ጥያቄው «ጥሩ ፍሎፒ ከየት ላግኝ?» የሚል ነው።

ወንድሜ፣ ስምንተኛ ፍሎፒ አትፈልግ። ከሰባቱ ቢያንስ አንዱ ደህና መሆኑን ራስህ አረጋግጠሃል። ከሩብ ሰዓት በፊት ያው ዲስክ፣ እዚያው ድራይቭ ውስጥ፣ ያንኑ ፋይል አንብቧል። ፍሎፒ በሩብ ሰዓት አይሞትም ማለቴ አይደለም። ይሞታል፣ አይቻለሁ። ሰባት ፍሎፒ ግን ተራ ጠብቆ እዚያችው ቦታ ላይ አይሞትም።

እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣብኝ መልእክቱን አላምነውም። መልእክቱ ሁልጊዜ የሚከሰው ዲስኩን ነው። የማየው የት ላይ እንደቆመ ነው።

የኤክስፒ መጫኛ ያንን ፍሎፒ የሚያነበው ሁለት ጊዜ ነው። ብዙ ሰው ይህን ልብ አይልም። የመጀመሪያው ኤፍ6 ከተጫንክ በኋላ፣ የኤስን ቁልፍ ተጭነህ የድራይቨሩን ስም ስትመርጥ ነው። በዚያ ሰዓት ዊንዶውስ ገና አልተነሳም። ፍሎፒውን የሚያነብለት የማዘርቦርዱ ባዮስ ነው፤ ኮምፒውተሩ ሲበራ ከዊንዶውስ ቀድሞ የሚሠራው ፕሮግራም። ባዮሱ የዩኤስቢውን ፍሎፒ እንደ ድሮው ኤ ድራይቭ አስመስሎ ማቅረብ ስለሚችል ሁሉም ነገር ሰላም ይመስላል። ሁለተኛው ንባብ የሚመጣው ሃርድ ዲስኩ ፎርማት ከተደረገ በኋላ ነው። አሁን የኤክስፒ የራሱ ከርነል፣ ማለትም የዊንዶውሱ እምብርት፣ ተነስቷል፤ ባዮሱ ከመሃል ወጥቷል። ድራይቨሩን ሃርድ ዲስኩ ላይ ለማስቀመጥ ፍሎፒውን እንደገና ይፈልጋል። ችግሩ፣ በዚህ ደረጃ ላይ መጫኛው የሚያውቃቸው የዩኤስቢ ፍሎፒ ሞዴሎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የአንተ ከእነሱ ውስጥ ከሌለ ለእሱ ኤ ድራይቭ የሚባል ነገር የለም።

የማታው ዘበኛ በመልክ ስለሚያውቅህ ዝም ብሎ ያስገባሃል። ጠዋት ተረኛው ሲቀየር መታወቂያ ይጠይቅሃል። አንተ ያው ነህ፤ የተቀየረው በሩ ላይ ያለው ሰው ነው።

ወደ መፍትሔው ልግባ። መጀመሪያ የምጠይቅህ ግን ፍሎፒ የሚባል ነገር ጭራሽ ያስፈልግሃል ወይ ነው። ኤክስፒ የወጣው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2001 ነው። ያኔ የሳታ ሃርድ ዲስክ ገና ገበያ ላይ አልነበረም። ሲዲው ኤኤችሲአይ የሚባለውን የሳታ አሠራር የማያውቀው ለዚህ ነው። ነገር ግን የዚያ ዘመን ብዙ ማዘርቦርዶች ሳታውን እንደ ድሮው አይዲኢ ማስመሰል ይችላሉ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ባዮስ ውስጥ ግባ። ስለ ሳታ የሚያወራውን ቦታ ፈልግ። «ኤኤችሲአይ» ወይም «ሬይድ» የሚል ካገኘህ ወደ «አይዲኢ» ቀይረው። አንዳንዱ ቦርድ «ኮምፓቲብል» ወይም «ሌጋሲ» ይለዋል። ሴቭ አድርገህ ውጣና ኤክስፒን ያለ ኤፍ6 ጫን። ሃርድ ዲስኩ ከታየ ጉዳዩ አለቀ። ትንሽ ፍጥነት ይቀንስብሃል፤ እንጨት ለሚቆርጥ ማሽን ግን ልዩነቱ አይታወቅም። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቅ፦ ከጫንክ በኋላ ወደ ኤኤችሲአይ አትመልሰው። ከመለስከው ኮምፒውተሩ ሊነሳ ሲል ቁጥሩ በሰባት ቢ የሚያልቅ ሰማያዊ ስክሪን ይሰጥሃል።

ባዮሱ ይህን ምርጫ ከሌለው በዩኤስቢ ፍሎፒው መቀጠል ትችላለህ። ለአዲሱ ዘበኛ የድራይቩን መታወቂያ ማሳየት ነው። ድራይቨሩ ፍሎፒ ላይ «ቲኤክስቲሴትአፕ» ተብሎ በ«ኦኢኤም» የሚያልቅ ፋይል አለ። ተራ የጽሑፍ ፋይል ስለሆነ በኖትፓድ ይከፈታል። ውስጡ «ሃርድዌርአይዲስ» በሚል ርዕስ የሚጀምሩ ክፍሎች ታገኛለህ። ከነሱ መካከል አንተ የምትመርጠውን የሳታ ቺፕ የያዘውን ለይ። አሁን የዩኤስቢ ፍሎፒውን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰካው። ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ገብተህ የመሣሪያውን ሃርድዌር አይዲ ተመልከት። ቪአይዲ እና ፒአይዲ የሚሉ ሁለት ኮዶች አሉት፤ እያንዳንዳቸው አራት አሃዝ ናቸው። በዚያ ክፍል ሥር፣ ያሉትን መስመሮች አምሳያ ተከትለህ አንድ አዲስ መስመር ጨምር። በቺፑ መለያ ፈንታ የፍሎፒውን የዩኤስቢ መለያ ታስገባለህ፤ በድራይቨሩ ስም ፈንታ «ዩኤስቢስቶር» ትላለህ። ነጥብ፣ ሰረዝና የጥቅስ ምልክት አንድ እንኳ እንዳይጎድል። እኔ መጀመሪያ ስሞክረው የጥቅስ ምልክት ዘልዬ ግማሽ ቀን አቃጥያለሁ።

ፋይሉን ከፍተህ እያለ አንድ ሌላ ነገር አረጋግጥ። ይህ ፋይል ፍሎፒው ላይ ፎልደር ውስጥ መሆን የለበትም። ድራይቨር ከዚፕ ፋይል ሲወጣ ብዙ ጊዜ በፎልደር ተጠቅልሎ ነው የሚወጣው። ሰው ፎልደሩን እንዳለ ፍሎፒ ላይ ይጥለዋል። መጫኛው ደግሞ የሚያየው ኤ ድራይቭን ሲከፍቱ መጀመሪያ የሚታየውን ብቻ ነው፤ ፎልደር ከፍቶ አይፈልግም። «ፋይሉ ያልተጠበቀ ስህተት ፈጠረ» ብሎ ኦኢኤምዲስክ የሚል ስም የሚጠቅስ መልእክት ካየህ መጀመሪያ ይህን ጠርጥር። ከዚያ የ32 ቢት እና የ64 ቢት ድራይቨር ተቀያይሮ እንደሆነ እይ። የዲስክ መጥፎ ቦታ የሚጠረጠረው ከእነዚህ በኋላ ነው።

ሦስተኛው መንገድ ድራይቨሩን ሲዲው ውስጥ ማስገባት ነው። ኤንላይት የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይህን ይሠራል። የኤክስፒ ሲዲውን ወደ ሃርድ ዲስክ ትገለብጣለህ፣ ድራይቨሩን ትጨምራለህ፣ አዲስ ሲዲ ታቃጥላለህ። ኤፍ6 የለ፣ ፍሎፒ የለ። ያን ማሽን ወደፊት ደጋግመህ የምትጭነው ከሆነ ከሁሉም ይህ ይሻላል። አንዴ ሠርተህ መሳቢያ ውስጥ ታስቀምጠዋለህ።

አሁን ወደ ነቀልከው ድራይቭ ልምጣ። መብራቱ በርቶ ቀረ ስትለኝ ፈገግ አልኩ። እዚህ ሙያ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ አንዴ አድርጎታል። ኬብሉ ተገልብጦ ነው የገባው። የፍሎፒ ኬብል 34 ሽቦ አለው። ግማሾቹ ግራውንድ፣ ማለትም ዜሮ ቮልት፣ ናቸው። ለፍሎፒ ድራይቭ ደግሞ አንድ የትእዛዝ መስመር ወደ ዜሮ ሲወርድ «ሥራ» ማለት ነው። ኬብሉን ስትገለብጠው የትእዛዝ መስመሮቹ ከግራውንድ ጋር ይገጥማሉ። ድራይቩ ባንዴ «ተመርጠሃል፣ ሞተር አዙር» ተባለ ማለት ነው። መብራቱም አይጠፋም። በዚያ ሁኔታ ውስጥ የነበረ ዲስክ ካለ ደህና ነው ብለህ አትመነው። እንደገና ሙሉ ፎርማት አድርገው።

ከኬብሉ ዳር ቀይ መስመር ያለበት ሽቦ ቁጥር 1 ነው። ማዘርቦርዱም ላይ፣ ድራይቩም ላይ ቁጥር 1 የተጻፈበት ወገን ከሱ ጋር መግጠም አለበት። ድራይቩ ላይ ቁጥሩ በጣም ደቃቅ ስለሆነ በስልክህ መብራት ፈልገው። ሌላው ደግሞ ኬብሉ ላይ የተጠማዘዘ ቦታ ታያለህ። ጥቂት ሽቦዎች ብቻ ተለይተው ተጠምዝዘዋል። ፋብሪካው ተሳስቶ አይደለም። ከመጠማዘዣው በኋላ፣ ጫፉ ላይ የሚሰካው ድራይቭ ኤ ይሆናል። መሃሉ ላይ የሚሰካው ቢ ነው። የኤፍ6 ድራይቨር የሚፈለገው ከኤ ስለሆነ ጫፉ ላይ ሰካው።

የኃይል ሶኬቱን ግን በጥንቃቄ። ትንሿ ባለ አራት ሽቦ ሶኬት አንድ ፒን ዘላ ወይም ተገልብጣ በግድ ልትገባ ትችላለች። 5 ቮልት በሚገባበት 12 ቮልት ከገባ ድራይቩ ያበቃለታል። ጠፍቶ፣ ከሶኬት ተነቅሎ፣ በብርሃን እያየህ ስካ። ከዚያ ባዮስ ውስጥ ፍሎፒ ኤ «1.44 ሜጋባይት፣ 3.5 ኢንች» መባሉን እና የፍሎፒ ኮንትሮለሩ መከፈቱን እይ።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ ድራይቩ መዞር ከጀመረ፣ ያኔ ነው የዲስኩ ጉዳይ የሚመጣው። እና እዚህ ጋ ቆም ብዬ ላውራ፤ ሰው የሚስተው እዚህ ነውና።

አንድ የ1.44 ፍሎፒ በእያንዳንዱ ገጽ 80 ትራክ፣ ማለትም ክብ መስመር፣ አለው። በእያንዳንዱ ትራክ 18 ሴክተር (ቁራጭ)፣ በእያንዳንዱ ሴክተር 512 ባይት። ሁለቱን ገጽ ስትደምር 1,474,560 ባይት ይመጣል። በሁለት ትራኮች መካከል ያለው ርቀት ከ0.2 ሚሊሜትር ያነሰ ነው። የማንበቢያው ሄድ በትንሹ ወደ ጎን ካፈነገጠ የጎረቤቱን ትራክ መንካት ይጀምራል። አሮጌ ድራይቭ ዓመት ሲቆጥር እንዲህ ያፈነግጣል። አስቂኙ ነገር እሱ ራሱ የጻፈውን ዲስክ ራሱ ደህና አድርጎ ያነበዋል። እየተሳሳተ ጽፎ እየተሳሳተ ያነባል፤ ስህተቱ ይጣጣማል። ዲስኩን ሌላ ድራይቭ ውስጥ ስታስገባው ነው ጉዱ የሚወጣው። ስለዚህ ድራይቨሩን በዩኤስቢ ፍሎፒው ጽፈህ በውስጡ ድራይቭ ለማንበብ አትሞክር። ኮምፒውተሩን በላይቭ ሲዲ፣ ማለትም ሳይጫን ከሲዲው በሚነሳ ሲስተም፣ አስነሳው። ፍሎፒውን እዚያው ኮምፒውተር ላይ፣ በዚያው ድራይቭ ፎርማት አድርግ። ፋይሎቹን ከፍላሽ ወደ ፍሎፒው እዚያው ቅዳ። የሚጽፈውም የሚያነበውም አንድ ይሁን።

ፎርማት ስታደርግ ደግሞ «ኩዊክ» የሚለውን አትምረጥ። ኩዊክ ፎርማት ማውጫውን ብቻ ነው የሚጠርገው፤ ትራኮቹን አይነካቸውም። ሙሉው ፎርማት እያንዳንዱን ትራክ እንደገና ያሰምራል፣ ያረጋግጣል። ጊዜ ይወስዳል፤ ይውሰድ። «ትራክ 0 ባድ» ካለህ ዲስኩን ጣለው። ማውጫው የሚቀመጠው እዚያ ስለሆነ የሚድን ነገር የለውም። «ባድ ሴክተር» አለው ግን ፎርማቱ አለቀ ካለህም ለዚህ ሥራ አትጠቀምበት። ዛሬ አንድ ቦታ የተበላሸ ነገ ሦስት ቦታ ነው።

ጆሮህንም ስጠው። ጤነኛ ድራይቭ እኩል እኩል በሆነ ድምፅ ወደ ፊት ይራመዳል። የሚያስቸግር ቦታ ላይ ሲደርስ ግን ወደ መጀመሪያው ትራክ ይመለሳል፣ እንደገና ይሞክራል። ጠክ ጠክ ይልና ጋርር ብሎ ይመለሳል። ይህን ከሰማህ መልእክቱ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግህም።

ቆሻሻ ሌላው ነው። የሃርድ ዲስክ ሄድ ከዲስኩ በላይ ተንሳፍፎ ነው የሚሠራው። የፍሎፒው ግን ዲስኩን ይነካዋል። ሻጋታ ወይም አቧራ ያለበትን ዲስክ አንዴ ካስገባህ ቆሻሻው ሄዱ ላይ ይቀራል። ቀጥሎ የምታስገባውን ጤነኛ ዲስክ ሄዱ ይቧጥጠዋል። «ሰባት ሞከርኩ ሰባቱም አበቃላቸው» የሚል ሰው ሲመጣ፣ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ነው ሌሎቹን የገደላቸው። ዲስክ ከማስገባትህ በፊት የብረት መስኮቱን በጣትህ ገፋ አድርገህ ውስጡን እይ። ከኋላ ያለውን የብረት እምብርት እያሽከረከርክ ሙሉውን ዙር ተመልከት። ነጭ ነጥብ ወይም ክብ የተጫረ መስመር ካየህ አታስገባው። ሄዱን ለማጽዳት ከፋርማሲ የሚገዛ ንጹሕ አልኮልና የጆሮ ጥጥ ይበቃል። የላዩ ሄድ በስስ ስፕሪንግ ላይ ነው የተንጠለጠለው። ከፍ አድርገህ ካነሳኸው ይጣመማል፤ ከዚያ በኋላ ማስተካከል አይቻልም። በጥጡ ዳበስ ብቻ አድርገው፣ እስኪደርቅ ጠብቅ።

«አዲስ፣ ያልተከፈተ» ተብሎ የሚሸጥ ፍሎፒ ላይ ብዙ ተስፋ አትጣል። ሶኒ ማምረቱን ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ፕላስቲኩ አልተከፈተም ማለት መጋዘን ውስጥ ዓመታት አልተቀመጠም ማለት አይደለም።

ፋይሎቹን ቀድተህ ስትጨርስ አንድ ፈተና አለች። ዲስኩን አውጣው፣ መልሰህ አስገባው፣ ከዚያ ፋይሎቹን ወደ ሌላ ቦታ መልሰህ ቅዳቸውና አመሳክር። ለምን አወጣዋለሁ ካልክ፣ ሳታወጣው ብታነበው ኮምፒውተሩ ከዲስኩ ሳይሆን ከራሱ ሚሞሪ ሊያነብልህ ይችላል። ደህና ነው ብለህ ትሄዳለህ፤ ዲስኩ ላይ ግን ምንም የለም። ፈተናውን ካለፈ ደግሞ ጥጉ ላይ ያለችውን መዝጊያ ገፍተህ ቀዳዳው ክፍት እንዲሆን አድርግ። ክፍት ማለት መጻፍ አይቻልም ማለት ነው።

ለአንተ ባይሆንም ይህን ለሚያነቡ ሌሎች አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ፍሎፒ በተራ እያስገባህ የምትጭነው ዊንዶውስ ከሆነ «ዲስክ 2 ያስገቡ» እያለ የሚደጋግም ችግር አለ። ዲስክ 2 ገብቷል፤ እሱ ግን ዲስክ 1ን የሚያይ ይመስላል። እውነትም እያየ ነው። ከ34ቱ መስመሮች የመጨረሻው ዲስክ መቀየሩን ለኮምፒውተሩ የሚናገር ነው። ያ መስመር ከተቋረጠ ኮምፒውተሩ የድሮውን ማውጫ ከሚሞሪ እያነበበ ይቀጥላል። መፈተሻው ቀላል ነው። አንድ ዲስክ አስገብተህ ፋይሎቹን ዘርዝር፣ ሌላ አስገብተህ እንደገና ዘርዝር። ያው ዝርዝር ከመጣ ኬብሉን ቀይር። እስክትቀይር ድረስ ዲስኩ ላይ ምንም አትጻፍ፤ የአንዱን ዲስክ ማውጫ በሌላው ላይ ጽፎ ሁለተኛውን ያበላሽብሃል።

ዊንዶውስ 95 በፍሎፒ ሲመጣ 13 ዲስክ ነበር። ልጅ እያለሁ አንድ ሰው ቅጂ ሥራልኝ ብሎ ሰጠኝ። የመጀመሪያውን ዲስክኮፒ በሚባለው የመገልበጫ ትእዛዝ ገለበጥኩ፣ ሠራ። ከሁለተኛው ጀምሮ ሁሉም እምቢ አለ። አሥራ ሁለቱን ባዶ ዲስክ «ብልሽት ነው» ብዬ ወደ ሱቁ መለስኩ፤ ባለሱቁም ተቀበለኝ። በኋላ ነው የገባኝ። ማይክሮሶፍት ከሁለተኛው ጀምሮ በአንድ ትራክ 18 ሳይሆን 21 ሴክተር አጭቆ 1.68 ሜጋባይት አድርጓቸው ነበር። ዲስክኮፒ ይህን አይችልም። ዲስኮቹ ምንም አልነበራቸውም። ባለሱቁን አሁንም ሳስበው አፍራለሁ።

ፍሎፒው ጭራሽ ካስጠላህ ጎቴክ የሚባል መሣሪያ አለ። የፍሎፒ ድራይቭ ቅርጽና መጠን አለው፤ በዚያው 34 ሽቦ ኬብል ይሰካል። ውስጡ ግን ፍላሽ ነው የሚገባው። ለኮምፒውተሩ ተራ የውስጥ ፍሎፒ ስለሚመስለው በሁለተኛውም ንባብ ችግር አይፈጥርም። የጥልፍ ማሽን ያላቸው ሰዎች በብዛት ይጠቀሙበታል።

ኤክስፒ ከተጫነልህ በኋላ ያንን ኮምፒውተር ኢንተርኔት ላይ አታገናኘው። ማይክሮሶፍት ድጋፉን ያቆመው እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2014 ነው። የሥራ ፋይል በፍላሽ አመላልስ፤ ፍላሹንም መጀመሪያ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ስካን አድርገው።

በቅደም ተከተል እንግዲህ ባዮሱን ዛሬ ማታ እይ። አይዲኢ የሚል ምርጫ ካጣህ የማዘርቦርዱን ሞዴል ጻፍልኝ። ሰሌዳው ላይ፣ በሚሞሪ ማስገቢያዎቹ አካባቢ በትልቁ ተጽፎ ታገኘዋለህ። የሳታ ቺፑን ከዚያ እለየውና ከዝርዝሩ የትኛውን ድራይቨር መምረጥ እንዳለብህ እነግርሃለሁ።